በሳምንት አሥር ሰዓት ተጨማሪ ሥራ፣ በወር 135 ዶላር፦ «የነጻ እንጀራ ዋጋ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የነጻ እንጀራ ዋጋ» በሚል ርዕስ የወጣውን ጽሑፍ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ልኮልኛል። አንዳንዱ «እውነቱን ተናገሩ» ብሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ ተቆጥቶ። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የሰው ልጅ ችግር ካልገረፈው አይሠራም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የድሆችን ድጎማ ስትቆርጥ እናቶች ወደ ሥራ ገቡ፤ በኮቪድ ጊዜ ገንዘብ ስታድል ግን ሠራተኛ ጠፋ፤ አውሮፓም በዚሁ በሽታ ደክማለች፤ በዲቪ የሚመጡ ወገኖቻችንም ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማ) ይዘው መቀመጥን ለምደዋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሴፍቲኔት የሚባለው የድሃ ገበሬ ድጋፍ ፕሮግራም ገበሬውን እርዳታ ጠባቂ ስላደረገው ሊቋረጥ ይገባል።

እኔ ላለፉት 16 ዓመታት በሜሪላንድ የሰው ታክስ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። በታክስ ወቅት የወገኖቼ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና ዕዳ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ጸሐፊው የሚያወሩለትን ሰው ከሩቅ አይደለም የማውቀው። ስለዚህ ነጥቦቻቸውን በየተራ ልመልስ፤ አንዳንዱ ላይ ቆም እላለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ የመጀመሪያው ነጥብ ነው። ችግር ካልገረፈው ሰው አይሠራም የሚለው።

አንድ የካቲት ላይ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ትንሹ የሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ጠረጴዛዬ ሥር ገብቶ የማተሚያውን ወረቀት እያወጣ ያነጥፋል። የመጣችው ታክሷን ለማሠራት ብቻ አልነበረም። አለቃዋ በሳምንት ከ30 ሰዓት ወደ 40 ሰዓት ከፍ እንድትል ጠይቋታል። ደመወዟ በሰዓት 18 ዶላር ነው። «ጋሼ፣ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ? ሒሳቡን ይሥሩልኝ» አለችኝ።

በፖስታዋ ጀርባ ላይ ሠራነው። በሳምንት አሥር ሰዓት ሲጨመር በወር 780 ዶላር ይመጣል። ከዚያ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና መዋጮ) 60 ዶላር ይቆረጣል። የምትኖረው በመንግሥት የኪራይ ድጎማ ነው፤ በዚህ ድጎማ ተከራዩ ከገቢው 30 በመቶ ያህሉን ይከፍላል፤ ስለዚህ ደመወዟ ሲጨምር ኪራይዋም ወደ 230 ዶላር ያድጋል። ፉድ ስታምፑ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ የደመወዝ ዶላር ላይ 24 ሳንቲም ገደማ ይቀንሳል፤ ይህም ወደ 190 ዶላር ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው ሠራተኞች በዓመት አንዴ የሚሰጠው የታክስ ክሬዲት ደግሞ፣ ሁለት ልጆች ላሏት እናት በዚያ የገቢ ደረጃ ላይ ከእያንዳንዱ ዶላር 21 ሳንቲም ይቀንሳል፤ በወር ሲካፈል ወደ 165 ዶላር ይሆናል። ሁሉንም ደምረን ከ780ው ስንቀንስ 135 ዶላር ቀረ። የፌዴራሉንና የስቴቱን የገቢ ታክስ ገና አልነካንም። ለትንሹ ልጅ የሚጨመረውን የመዋያ ሰዓትም አልቆጠርንም። በወር 43 ሰዓት ሠርታ 135 ዶላር፤ በሰዓት 3 ዶላር ገደማ ማለት ነው።

ፖስታውን ይዛ ብዙ ቆየች። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ተጨማሪውን ሰዓት አልገባችበትም። በጸሐፊው ሚዛን እንግዲህ ይህች እናት ድጎማ ያሰነፋት ሴት ናት። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ በሁለት አውቶቡስ ትሄዳለች። ከእሷ ክብደት በላይ የሆኑ አዛውንቶችን ከአልጋ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። ስንፍና የሚለው ቃል በእሷ ላይ ሲወድቅ ማየት ያመኛል። የወሰነችው ማንኛውም ሒሳብ የሚችል ሰው እንደሚወስነው ነው። ከተጨማሪ ትርፉ ላይ 80 በመቶው የሚወሰድበት ነጋዴ ሁለተኛ ሱቅ ይከፍታል? አይከፍትም፤ ማንም ደግሞ ሰነፍ አይለውም። ታክሱ በዛ ይባላል እንጂ።

ጸሐፊው ያላዩት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የኪራይ ድጎማውን አንድ መሥሪያ ቤት፣ ፉድ ስታምፑን ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የታክስ ክሬዲቱን ሦስተኛ መሥሪያ ቤት ይሰጣል። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ምክንያታዊ ናቸው፤ ገቢህ ሲያድግ እርዳታህ ይቀንስ ማለት ተገቢ ነው። ከሶሻል ሴኩሪቲውና ከሜዲኬሩ መዋጮ ጋር አራቱ ቅነሳዎች በአንድ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ ሲወርዱ ግን ሥራው ራሱ ይቀጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ ቀስ ብለው እንኳ አይቀንሱም። በብዙ ስቴቶች የሕፃናት መዋያ ድጎማ ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ በጥቂት ዶላር ሲያልፍ ሙሉ በሙሉ ይቆማል። የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ይዞ በጭንቀት የሚመጣ ሰው አይቻለሁ፤ ደስ ሊለው ሲገባ።

ታዲያ መፍትሔው እርዳታውን መቁረጥ ነው? ከላይ የጠቀስኩት የታክስ ክሬዲት፣ ኧርንድ ኢንካም ታክስ ክሬዲት የሚባለው፣ ሌላ ነገር ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1975 ተጀምሮ በ1986ና በ1993 የሰፋ ነው። ለጋስ ነው፤ በ2024 የታክስ ዘመን ሁለት ልጆች ላሉት ሠራተኛ እስከ 6,960 ዶላር ይደርስ ነበር። ግን ያልሠራ ሰው አያገኘውም፤ በዝቅተኛው የደመወዝ እርከን ላይ ያለች የሁለት ልጆች እናት ለሠራችው ለእያንዳንዱ ዶላር 40 ሳንቲም ይጨምርላታል። አነስተኛ ገቢ ያላት እናት ሥራ እንድትጀምር ያበረታታል የሚለው የብዙ ተመራማሪዎች ግኝት ነው። እዚያው አገር፣ እዚያው ሰው፣ ብዙ ገንዘብ፤ ውጤቱ ግን ጸሐፊው ከሚሉት ተቃራኒ። የእርዳታው መጠን ብቻውን ሰውን ሰነፍ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሂድ። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1996 ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የፈረሙትን ሕግ እንደ ዋና ማስረጃ አቅርበዋል። ሕጉ ከ1935 ጀምሮ ልጆች ላሏቸው ድሃ ቤተሰቦች ይሰጥ የነበረውን የገንዘብ ድጋፍ አስቀርቶ፣ በዕድሜ ልክ 60 ወር ብቻ የሚሰጥና ሥራን ግዴታ የሚያደርግ ሌላ ፕሮግራም ተካ። ከዚያ በኋላ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች በብዛት ወደ ሥራ መግባታቸው እውነት ነው፤ አልክድም። ጸሐፊው ያስቀሩት ግን በዚያው ዘመን የሆነውን ሌላውን ሁሉ ነው። የታክስ ክሬዲቱ በ1993 እጅግ ሰፍቷል። በሰዓት 4.25 ዶላር የነበረው የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ በ1997 ወደ 5.15 አድጓል። በ2000 ሥራ አጥነት ወደ 4 በመቶ ወርዶ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ፍለጋ ይሯሯጡ ነበር። የየትኛው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ሁሉንም ለመቁረጡ መስጠት ግን ትክክል አይደለም።

የድሮው ፕሮግራም ራሱ ችግር እንደነበረበትም ልንገራችሁ። በ1981 በሬገን ዘመን የወጣው ሕግ አንዲት እናት ሥራ ከጀመረች ከአራት ወር በኋላ ካገኘችው ደመወዝ ላይ እያንዳንዱ ዶላር ከድጋፏ እንዲቀነስ አደረገ። መቶ በመቶ ታክስ ነው። እንዲህ ተደርጎ የተሠራ ፕሮግራም ሰውን ከሥራ ቢያርቅ ምን ይገርማል? ጥፋቱ ግን የገንዘቡ መብዛት አልነበረም።

ከ1996 በኋላ የሆነውንም ጸሐፊው አልጻፉም። በዚያ ዓመት ልጆች ካሏቸው 100 ድሃ ቤተሰቦች ውስጥ 68ቱ የገንዘብ ድጋፉን ያገኙ ነበር፤ በ2020 ይህ ቁጥር ወደ 21 ወርዷል። ሚሲሲፒ ውስጥ ሦስት ሰዎች ላሉት ቤተሰብ የሚሰጠው ከፍተኛው ድጋፍ በወር 260 ዶላር ነው፤ እስከ 2021 ድረስ ደግሞ 170 ነበር። ይህን ለጋስነት ብሎ የሚጠራ ሰው በ260 ዶላር ሁለት ልጆች ለአንድ ወር አሳድሮ አያውቅም።

የኮቪዱ ነጥብ የተሻለ ክርክር ይገባዋል፤ ምክንያቱም በእርግጥም በአሜሪካ ታሪክ ከታዩት ሁሉ ለጋሱ የሥራ አጥነት ክፍያ የዚያን ጊዜው ነበር። በመጋቢት 2020 ከመደበኛው ክፍያ በላይ በሳምንት 600 ዶላር ተጨመረ። ጸሐፊው እንዳሉት ክፍያው ከሚገባቸው ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤት ተቀምጠው ከቀድሞ ደመወዛቸው የበለጠ ሊያገኙ ይችሉ ነበር። የጸሐፊው ሐሳብ ልክ ከሆነ ሐምሌ መጨረሻ ላይ 600 ዶላሩ ሲቆም ሰው ወደ ሥራ መጉረፍ ነበረበት። አልጎረፈም። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ የእኛ ሰው በብዛት የሚሠራው በሆቴል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲና በአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሆቴሉ ተዘግቷል፤ ማቆሚያው ባዶ ነው። ደንበኞቼ በየሳምንቱ የቀድሞ አለቃቸው ጋ ይደውሉ ነበር፤ ክፍያውን እየተቀበሉም ይደውሉ ነበር።

በ2021 ደግሞ ነገሩ እንደ ሙከራ ተፈትኗል። ከስቴቶቹ ግማሽ ያህሉ «ሰው ወደ ሥራ ይመለስ» ብለው ያኔ 300 ዶላር የነበረውን ጭማሪ ከመስከረም ቀነ ገደቡ በፊት ለማቋረጥ ወሰኑ፤ ሌሎቹ ቀጠሉ። ሜሪላንድ ውስጥ አገረ ገዥው ሊያቋርጡ ሲሉ ፍርድ ቤት አስቆማቸው። ተመራማሪዎች የባንክ ሒሳብ መረጃ ይዘው ሁለቱን ወገኖች ሲያነጻጽሩ፣ ክፍያ ከተቋረጠባቸው ስምንት ሰዎች ውስጥ በዚህ ምክንያት ሥራ ያገኘው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀሩት ሰባቱ ገቢያቸውን አጡ፤ ወጪያቸውም ወዲያውኑ አሽቆለቆለ። አንዱ ሰው መኖሩን አልክድም። ጸሐፊው ሕግ የሚያወጡት ግን ለዚያ ለአንዱ ነው፤ ሰባቱስ?

በዚህ አጋጣሚ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ላስቀምጥ፤ ካልሆነ ክርክራችን ንጹሕ አይሆንም። በ1970ዎቹ በሲያትልና በዴንቨር፣ ከዚያም በፊት በኒው ጀርሲ፣ ለድሃ ቤተሰቦች የተረጋገጠ ገቢ እየተሰጠ ተፈትኖ ነበር። የሥራ ሰዓት ቀንሷል። የባሎች ቅነሳ ጥቂት ነበር፤ የሚስቶችና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ከፍ ይል ነበር። ኖርዌይ ለታመመ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ትከፍላለች፤ በሕመም ምክንያት ከሥራ በመቅረትም ከአውሮፓ አገሮች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ናት። የሥራ አጥነት ክፍያ ጊዜው ሲረዝም የሥራ ፍለጋውም ጊዜ በተወሰነ ደረጃ ይረዝማል። ገንዘብ በሰው ውሳኔ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም ብዬ አልከራከርም። ያች እናት በፖስታ ጀርባ ላይ ያሳየችኝ እኮ ይህንኑ ነው። የምከራከረው ለውጡ ጸሐፊው የሚያስፈራሩንን ያህል እንዳልሆነ፣ አቅጣጫውም በአሠራሩ እንደሚወሰን ነው።

«አውሮፓ ደክማለች» የሚለውን በአጭሩ ልመልሰው። ዴንማርክ ሥራ ላጣ ሰው እስከ ሁለት ዓመት ድረስ፣ ጣሪያ ቢኖረውም፣ እስከ ቀድሞ ደመወዙ 90 በመቶ ትከፍላለች፤ በምትኩ ሥራ እንዲፈልግና እንዲሠለጥን ታስገድደዋለች። ከሕዝቧ በሥራ ላይ ያለው ድርሻ ከጣሊያንና ከግሪክ በእጅጉ ይበልጣል፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ለረጅም ዘመን አገር አቀፍ የዝቅተኛ ገቢ ድጋፍ ያልነበራቸው ናቸው። ፊንላንድ በ2017ና በ2018 ለ2,000 ሥራ አጦች ያለ ምንም ግዴታ በወር 560 ዩሮ ሰጥታ ሞክራለች። ሥራ ቢያገኙም ገንዘቡ አይቋረጥም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከሌሎቹ ሥራ አጦች ጋር እኩል ሠሩ፤ በሁለተኛው ዓመት በአማካይ ስድስት ቀን ያህል በለጡ፤ በዚያ ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ንጽጽሩን ቢያደበዝዘውም። ተአምር አይደለም። ነገር ግን ሶፋ ላይ ተጋድሞ የቀረ ትውልድ አልታየም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛው ሰው። ጸሐፊው «ዲቪ ደርሶት የሚመጣው ወገናችን ሻንጣውን ሳያራግፍ ፉድ ስታምፕ ቢሮ ይሰለፋል» ብለው ጽፈዋል። ይህ ስድብ ነው፤ ስህተትም ነው። ራሳቸው የሚያወድሱት የ1996 ሕግ፣ በኋላ ከተደረገለት ማሻሻያ ጋር፣ ግሪን ካርድ ይዞ የሚገባ አዋቂ ሰው በአብዛኛው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ፉድ ስታምፕ፣ መደበኛ ሜዲኬይድ (የድሆች የሕክምና ሽፋን) እና የገንዘብ ድጋፍ እንዳያገኝ ይከለክላል። ጥገኝነት ያገኙ ስደተኞችና ልጆች በተለየ ደንብ የሚታዩ ናቸው። የዲቪ ባለዕድል ግን በመጣ በሁለተኛው ሳምንት የሚሰለፈው ለሥራ ነው፤ ሌላ የሚሰለፍበት የለምና። ከዚህም አልፎ፣ መብቱ ኖሮትም «ለዜግነቴ እንቅፋት ይሆንብኛል» ብሎ የልጁን ወተት ገንዘብ የሚተው ሰው በየዓመቱ ያጋጥመኛል። አንድ አባት አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸው ፉድ ስታምፕ እንደሚገባቸው ስነግራቸው «ለመንግሥት ባለዕዳ ልሆን ነው እንዴ?» ብለው ፎርሙን መልሰው ሰጥተውኛል። ሌሊት መኪና ማቆሚያ፣ ቀን ሱቅ የሚሠሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ በጅምላ ጠባቂ ብሎ መጥራት እንዴት እንደሚያስችል አላውቅም።

የመጨረሻው ነጥብ የአገር ቤቱ ሴፍቲኔት ነው። የተወለድኩት ሰሜን ወሎ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቤ ይሞቃል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ከየዓመቱ የእህል ልመና ለመውጣት የታሰበ ነበር። ድርቅ በመጣ ቁጥር ዓለምን ከመማጸን ይልቅ፣ በየዓመቱ የምግብ ክፍተት ያለባቸው ቤተሰቦች አስቀድመው ታውቀው፣ ሥራ ሠርተው እንዲከፈላቸው። ሲጀመር አምስት ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ያቀፈ ነበር። ክፍያው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል። ሥራው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ የሚደረገውም ገበሬው ከማሳው እንዳይለይ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ለቅሶ ለመድረስ ወደ አገሬ ሄጄ ነበር። ጠዋት ከአክስቴ ቤት በር ላይ ቆሜ ዳገቱን ሳይ ሰዎች እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ድንጋይ ያመላልሳሉ። ወንዶቹ ይፈነቅላሉ፣ ሴቶቹ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ እርከኑ ያደርሳሉ። ልጅ ሳለሁ ያ ዳገት ጎርፍ የሰነጣጠቀው ቀይ መሬት ነበር፤ ያን ቀን ግን በእርከኖቹ መካከል ሣር ይዟል። አክስቴ የምታሳየኝ ነገር ነበራት፤ የመዳፏ ቆዳ ተልጦ እንደ ቁርበት ደርቋል። «ይኸው የእኔ ሴፍቲኔት» አለችኝ። ለዚህ ሥራ በወር 15 ኪሎ እህል ታገኝ ነበር፤ እሱም አንዳንዴ ሁለት ወር ዘግይቶ ይመጣል። ጸሐፊው ጠባቂ ያሉት እሷን ነው። የጠበቀችው ነገር ቢኖር የሠራችበትን ነው።

ጥናቱም ከአክስቴ መዳፍ ጋር ይስማማል። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ተጠቃሚ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለዋል፤ ገበሬው ሥራውን እንደተወ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ለአምስት ዓመት በፕሮግራሙ የቆዩ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ የምግብ ክፍተታቸው ከአንድ ወር በላይ አጥሯል፤ የቤት እንስሶቻቸውም በመጠኑ ጨምረዋል። በስድስት ታዳጊ አገሮች የተደረጉ ሰባት የገንዘብ ድጎማ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመሩ ሌሎች ምሁራንም ከኢንዶኔዥያ እስከ ሜክሲኮ ድጎማ የተቀበለ ሰው ሥራ መቀነሱን የሚያሳይ ወጥ ማስረጃ አላገኙም።

ሴፍቲኔት እንከን የለውም አልልም። ክፍያው መዘግየቱ ገበሬውን አራጣ አበዳሪ እጅ ጥሎታል። «ምረቃ» በሚሉት አሠራር በአንዳንድ ቦታ ቤተሰቡ ሳይጠነክር ከመዝገብ ተፍቋል፤ አንድ ሁለት በግ መግዛት ከመዝገብ ያስወጣኛል ብሎ የሚሰጋም ሰው አለ። ይህ ስጋት እዚህ ሜሪላንድ በፖስታ ጀርባ ላይ ያየሁት ያው ስጋት ነው፤ ከፍ ማለት የሚያስቀጣ ከሆነ ሰው ዝቅ ብሎ መቆየትን ይመርጣል። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር፤ ቤተሰቡ ከተመረቀ በኋላም ለጊዜው ድጋፉ ቀስ እያለ እንዲቀንስ፣ ክፍያው በወቅቱ እንዲደርስ አብረን እንጮህ ነበር።

እሳቸው ግን ይቋረጥ ነው ያሉት። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ምንም ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚያገኙም አሉ፦ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች። ለእነዚህ ሰዎች ድጋፉ የሥራ ፍላጎታቸውን ይገድላል ሊባል አይችልም። ጸሐፊው ይቋረጥ ሲሉ እነሱንም ጨምረው ከሆነ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው በግልጽ ይንገሩን፤ ካልጨመሩም ስንት ሰው ከመዝገብ እንዲወጣ እንደሚፈልጉና ያ ሰው ከጥር እስከ ሰኔ ምን እንዲበላ እንዳሰቡ ይጻፉልን። መልሳቸውን አነባለሁ።